ራስ ዳሽን ከአዲስ አበባ፦ ከደባርቅ ወዲያ እንዴት ነው?

የአራት ኪሎዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከጥምቀት በኋላ ራስ ዳሽን ለመውጣት አስበናል። እስከ ደባርቅ ያለውን አውቀናል። ከዚያ ወዲያ ግን አንዱ «መኪና ይገባል» ይለናል፣ ሌላው «ቀናት በእግር ነው»። የቱን እንመን? ለከፍታውስ እንዴት እንዘጋጅ?

የደባርቅ ልጅ፣ ፒያሳ
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከደባርቅ በሳንቃበር ካምፕ በኩል እስከ ጨነቅ ካምፕ መኪና ይገባል፤ ከጨነቅ ወዲያ ያለውን በእግር ትሄዱታላችሁ። መጀመሪያ ግን ደባርቅ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ትመዘገባላችሁ፤ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ ታጣቂ ጠባቂ) እና ባለ በቅሎም እዚያው ይገኛል። ጊዜ ካጠራችሁ እስከ ጎንደር በአውሮፕላን ሂዱ፤ አውቶቡሱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደክማችሁ ትደርሳላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ከፍታውን ነው። እኔ ግን ሸለቆውን ፍሩ እላለሁ። ከጨነቅ ተነስታችሁ በቧሂት ተራራ በኩል ከ4,200 ሜትር ላይ ታልፉና፣ የወጣችሁትን ሁሉ መልሳችሁ እስከ መሸሃ ወንዝ ትወርዳላችሁ። ተሻግራችሁ አምቢቆ መንደር ታድራላችሁ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስቶ እስከ 4,550 ሜትር መውጣት፣ በዚያው ቀን አምቢቆ መመለስ ነው። በሦስተኛው ቀን ያው ቧሂት ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው፤ ጫፍ የደረሰ ሰው ያለቀለት ይመስለዋልና።

ጫፉ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የመጨረሻው በእጅም በእግርም ይወጣል። እዚያ ስትቆሙ ከፊት ለፊት ያለው ጫፍ የሚበልጥ ይመስላችኋል። አይበልጥም፣ አትጨነቁ።

የሽሮ ሜዳው
«አዲስ አበባ ኖረን ከፍታ አይነካንም» እንዳትሉ። ሳንቃበር ራሱ 3,250 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ ጋር ይቀራረባል። ከአሁኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻንጣ አዝላችሁ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ውጡ፤ ስትመለሱም ታክሲ አትያዙ፣ ጉልበት ቁልቁለትንም ይልመድ። ራስ ዳሽን ስትወጡ ደግሞ ራስ ምታቱ ከጠና፣ ማስታወክም ከመጣ፣ ሳትከራከሩ ውረዱ።

የአራት ኪሎዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ወንድሜ ዳገት ላይ ደህና ነው፣ ቁልቁለት ግን ጉልበቱን ያመዋል። በቅሎ ይሻለው ይሆን?

የደባርቅ ልጅ፣ ፒያሳ
ዳገቱን በበቅሎ ይውጣ፣ ጉልበቱን ለቁልቁለቱ ያቆይ። በጣም ቁልቁል በሆነው ላይ ባለ በቅሎው ራሱ ውረድ ይለዋል፤ ስለዚህ ምርኩዝ ይያዝ። ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጋቢ ብቻ አይበቃም፣ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያዙ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ደባርቅ ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እነሱ ቆዩ ካሉ ቆዩ።