በኡታማሮ ሥዕል ላይ ያሉት ሴቶች በምን ይለያሉ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኪታጋዋ ኡታማሮ እ.ኤ.አ. በ1793 ገደማ የሠራውን፣ ሦስት ቆነጃጅት አንድ ላይ የሚታዩበትን በእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ደጋግሜ እያየሁ ነው። ሴቶቹ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ በዝና የሚታወቁ እውነተኛ ሰዎች እንደነበሩ አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሞላላው ፊት፣ ቀጭኑ ዓይንና ትንሿ አፍ በሦስቱም ላይ አንድ ሆኖብኛል። የዘመኑ ሰዎች የትኛዋ ማን እንደሆነች በምን ያውቁ ነበር?

መልስ 1፦
በመጀመሪያ ልብሳቸውን ይመልከቱ፤ እያንዳንዷ የምትታወቅበት ዓርማ አላት። በኤዶው አሳኩሳ ሰፈር ሻይ ቤት ታስተናግድ የነበረችው ኦኪታ የፓውሎኒያ ዛፍ አበባና ቅጠል፣ የሩዝ ብስኩት ነጋዴ ልጅ የሆነችው ኦሂሳ ደግሞ የኦክ ዛፍ ቅጠል ተስሎላቸዋል፤ መካከል ያለችው በዜማ የታወቀችው ጌሻ (በሙዚቃና በጭፈራ እንግዳ የምታዝናና ባለሙያ ሴት) ቶዮሂና ናት። ከዚያ ወደ ፊታቸው ይመለሱና አፍንጫቸውን ያነጻጽሩ፤ የአንዷ ቀጥ ሲል የሌላዋ ጎበጥ ይላል፣ የዓይናቸውም አቆራረጥ ይለያያል። ከኡታማሮ በፊት የነበሩት እንደ ሃሩኖቡ ያሉ ሠዓልያን ሴቶችን በአብዛኛው ሙሉ ቁመታቸውን እየሣሉ ያሳዩ ስለነበር፣ እሱ ከደረት በላይ ያለውን ብቻ አቅርቦ መሣሉ ይህን ጥቃቅን ልዩነት እንዲታይ ያደረገ ትልቅ እርምጃ ይመስለኛል።

መልስ 2፦
በዚህ ላይ የመንግሥት እገዳን መጨመር ያስፈልጋል። ባለሥልጣናቱ በ1793 ከሴተኛ አዳሪዎች በስተቀር የሌሎች ሴቶች ስም በሥዕል ላይ እንዳይጻፍ ስለከለከሉ፣ ኡታማሮ የሴቶቹን ስም በሥዕላዊ እንቆቅልሽ መደበቅ ጀመረ። የኦኪታ ስም ከነሻይ ቤቷ «ናኒዋያ ኦኪታ» ነው፤ ሁለት እስር ጎመን፣ ፍላጻ፣ ባሕርና የሩዝ ማሳ በጃፓንኛ ተከታትለው ሲነበቡ ይህንኑ ስም ይሰጣሉ። በ1796 እንቆቅልሹም ታገደ፤ በ1800 ደግሞ ፊትን አጉልቶ የሚያሳየው ሥዕል ራሱ ተከለከለ።

መልስ 3፦
ስለ ጠራቢው ማንም አለማንሣቱ ያሳዝነኛል። ኡታማሮ ንድፉን በቀለም ብሩሽ ያወጣል እንጂ፣ ያንን የአፍንጫ መስመርና በጆሮ ግንድ ላይ ያለውን የፀጉር ሥር እንደ ክር አቅጥኖ በቼሪ እንጨት ላይ የሚያስቀረው ጠራቢው ነው፤ ፀጉሩ የሚሰጠውም ለተካነው ባለሙያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጠያቂ፣ የሚመለከቱት ቅጂ በደበዘዘ ወይም በትንሽ ምስል ከሆነ ልዩነቱ ቢጠፋብዎት አይደንቅም፤ አጉልተው የፀጉሩን መነሻ መስመር በመከተል እስከ አፍንጫቸው ይውረዱ።