ባጃጄን ሸጬ የኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ሞተሩን ላሰራ? (ድሬዳዋ)

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ድሬ ላይ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ከዚራ፣ ለገሀሬ፣ ሳቢያን እየተመላለስኩ። ባጃጇ የድሮዋ ባለ ሁለት ስትሮክ ናት፣ ጭሷ አያድርስ ነው፣ ከኋላ የሚቀመጡ እናቶች አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ነው የሚሄዱት ወላሂ አፍራለሁ። አሁን ሁሉም ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ይላል፣ መንግስትም ከ2016 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ግን የድሬ ሙቀት ባትሪውን አይገድለውም ወይ? ደግሞ እኔ አንዷን ብቀይር ከደንገጎ የሚወርደው አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭሱን ለቆብኝ ሲያልፍ ምን ዋጋ አለው? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

ጋራዥ ሰፈር፦
አቦ ወንድሜ መጀመሪያ ጭሷ ምን ቀለም ነው? ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠልክ ነው። ሁለት ስትሮክ ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ ደህና ሆና እንኳን ታጨሳለች፣ ከሚገባው ቤንዚን ውስጥ ቀላል የማይባለው ሳይቃጠል በማርሚታው ይወጣል፣ ገንዘብህ ነው አየር ላይ የሚበተነው። አራት ስትሮክ ብትሆን ኖሮ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይር ፊልትሮ አጽዳ እልህ ነበር፣ ይቺን ግን ብታሰራትም ያው ናት። ደግሞ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ተዉት ባካችሁ፣ ነጭ ጋዝ እየቀላቀሉበት ሞተሩንም ሳንባችንንም ጨረሱት።

አይሱዙው ያልከው ልክ ነህ። የናፍጣ ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል ወይ ፖምፓው አልተስተካከለም ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ያ ጥቁሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ በአፍንጫ አይጣራም ቀጥታ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው። ቦሎ ሲወሰድ ጭሱ የምር ቢታይ ግማሹ አይሱዙ መንገድ ላይ አይወጣም ነበር።

ቻርጅ ላይ ነኝ፦
እኔ የኤሌክትሪክ እየሰራሁ ነው፣ ድሬ ውስጥ ሜዳ ስለሆነ ችግር የለውም። ዋናው ባትሪው ነው። የአሲድ ባትሪ ያለውን በርካሽ ቢሰጡህም አትንካው፣ ሙቀት ቶሎ ይገድለዋል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል ነው የሚሉት። ሊትየም ውሰድ፣ ዋጋው ሆድ ያስብሳል ግን ይሻላል። ከስራ እንደገባህ ትኩስ ባትሪ ላይ ቻርጀር አትሰካ፣ ቀዝቀዝ ይበልና ማታ ስካው። ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲሆን ተሳፋሪም የለ፣ ጥላ ስር አቁማት። መብራት ሲጠፋ ግን ትቸገራለህ፣ እሱን አልዋሽህም። በጄኔሬተር ቻርጅ ካደረግክ ደግሞ ጭሱን ሰፈር ቀየርከው እንጂ አላጠፋኸውም። የሀገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ ከመስመር ከሰካህ ግን በእውነት ንጹህ ነው።

የሳቢያን እናት፦
ልጆቼ ሁላችሁም ስለ ባጃጅ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ልጄ አስም አለበት፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሰው መገላ ጋ ባጃጁ ተደርድሮ ሞተር ሳያጠፋ ሲጠብቅ እሱን ይዤ መሻገር ያስፈራኛል። ባጃጅ 3 ሰው ነው የሚይዘው፣ 60 ሰው የሚይዝ አንድ አውቶቡስ ቢመጣ 20 ባጃጅ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ቢሆንማ እሰየው፣ ካልሆነም በደንብ ሰርቪስ የሚደረግ የናፍጣ አውቶቡስ እንኳን በሰው ሲካፈል ይሻላል። ችግሩ ሰዓቱን ጠብቆ አይመጣም፣ ሰው በዚያ ፀሐይ ቆሞ ስለማይጠብቅ ባጃጅ ውስጥ ይገባል።

የከዚራ ልጅ፦
እትዬ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ 20 ባጃጅ ሲቀንስ 20 ቤተሰብ ምን ይብላ? ሞተር ማጥፋቱን ግን ልክ ነሽ፣ እሱን ከነገ ጀምሮ አደርጋለሁ፣ ተራ ላይም ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።

የሳቢያን እናት፦
አይ ልጄ ቅር አይበልህ፣ ትጥፉ አላልኩም። አውቶቡስ ዋናውን መንገድ ይያዝ፣ እናንተ ከሰፈር ውስጥ ሰው እያወጣችሁ ፌርማታ አድርሱ። አጭር መንገድ ለባትሪውም ይሻላል መሰለኝ።

ጁገል፦
ከሐረር ነኝ። እኛ ጋ ጁገል ውስጥ አብዛኛው መንገድ መኪና አያስገባም፣ በእግር ነው፣ እዛ ገብተህ ስትተነፍስ ልዩነቱን ታውቀዋለህ፣ ከበሩ ወጣ ስትል ያው ጭስ ነው። የኤሌክትሪክ ባጃጅ እኛ ዳገት ላይ ይከብዳል፣ ሰው ሞልተህ ስትወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሐረር ይሰራል ያለህ ሰው ዳገቱን ጭኖ ያሳይህ። ለድሬ ግን ግዛ እላለሁ። አይሱዙውን በተመለከተ፣ የጅቡቲው ባቡር እኮ ኤሌክትሪክ ነው፣ በ2010 ነው ስራ የጀመረው፣ ብዙ ጭነት ወደሱ ቢዞር መንገዱ ላይ የሚያጨሰው ከባድ መኪና ይቀንስ ነበር።

ጋራዥ ሰፈር፦
የከዚራ ልጅ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን የባትሪውን አይነትና ዋስትናውን በጽሁፍ ጠይቀው። በቃል ሊትየም ነው ብለው አሲድ የሚሸጡ አሉ፣ ክብደቱን አንስተህ እየው፣ አሲድ ከባድ ነው። ከተጠራጠርክ የባትሪውን ጽሁፍ ፎቶ አንስተህ እዚህ ላክ እናያለን።