የአባቴ ሲኮ 5 ሰዓት ፎርጅድ ነው ተባልኩ፤ በምን ላረጋግጥ?

የኮዬው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በእጄ የገባ አንድ ሲኮ 5 አውቶማቲክ ሰዓት አለኝ፤ አክስቴ በ1978 ዓ.ም. ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችለት መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት የተሰነጠቀውን መስታወት ላስለውጥ ቃሊቲ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት፤ ሰውየው ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ይህ ፎርጅድ ነው» አለኝ። ምክንያት አድርጎ የቆጠረልኝ የዕለቱ ስም በዐረብኛ መውጣቱን፣ መሙያው ቢዞርም ሰዓቱ አለመሙላቱን፣ ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ማታ 12 ሰዓት ላይ መሆኑን ነው። ከዚያ የወየበውን ፊት አንሥቶ በሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ፊት ሊቀይርልኝ፣ አሮጌውንም ለራሱ ሊያስቀር ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ላስብበት ብዬ ሰዓቱን ይዤ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ነገሮች በሰዓቱ ላይ አሉ። በዚያ ላይ በቀን 4 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፤ እሑድ አድርጌው ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ከመጣሁም ሰኞ ጠዋት ቆሞ አገኘዋለሁ። በጀርባ ክዳኑ ላይ በ7009 የሚጀምር ቁጥርና በ54 የሚጀምር ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይነበባል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ሞላ

ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። የተነገሩዎት ሦስት ምልክቶች አንዳቸውም የፎርጅድ ምልክት አይደሉም።

ሲኮ 5 ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ አገር ገበያ የተሠራ ሰዓት ስለሆነ የዕለት ስም የተጻፈበት ሰሌዳ እንደ ገበያው እንግሊዝኛን ከሌላ አንድ ቋንቋ ጋር ይይዛል፤ ከጅዳ የተገዛ ሰዓት ዐረብኛ ቢኖረው የሚጠበቅ ነው፤ ዕለቱን ሲያስተካክሉ አንድ ደረጃ ቢጨምሩ ያው ዕለት በእንግሊዝኛ ይመጣልዎታል። መሙያውን በተመለከተ ደግሞ 7009 የሚባለው ማሽን መሙያውን በማዞር አይሞላም፤ የሚሞላው ሰዓቱ እጅ ላይ ታስሮ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። መሙያው ሲዞር ቢሞላ ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር።

ሦስተኛው ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። ይህ ሰዓት ቀን የሚለውጠው ቆጣሪዎቹ 12 ቁጥር ላይ ሲገጥሙ፣ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ነው። ለሠሪዎቹ ያ 12 እኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ግን በራሳችን አቆጣጠር ስለምናስተካክለው 12 ላይ የሚውለው ወይ ንጋት ወይ ምሽት ይሆናል። አባትዎ ሲያስተካክሉት ምሽቱ ላይ ውሎ ኖሯል፤ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደ ፊት ቢያዞሯቸው ንጋት ላይ መለወጥ ይጀምራል፤ ይህም ለእኛ የቀን አጀማመር ከጃፓኖቹ ሐሳብ ይልቅ ይስማማል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ 31ን መዝለል ይኖርብዎታል። ይህን ግን ቆጣሪው በ9 እና በ3 መካከል ባለበት ጊዜ፣ ማለትም ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አያድርጉት፤ በዚያን ሰዓት ቀን ለዋጩ ጥርስ ስለተያያዘ በግድ ቢገፋ ይሰበራል። ብዙ ሰው ቀኑን የሚያስተካክለው ማለዳ ከአልጋው እንደተነሣ መሆኑ ያሳዝናል።

54 ሲባል 5 የዓመቱ መጨረሻ አኃዝ፣ 4 ደግሞ ወሩ ነው። ማሽኑ በ1975 እ.ኤ.አ. ገና ስላልነበረ አፕሪል 1985፣ በእኛ መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ይሆናል። ከአክስትዎ ታሪክ ጋር በሚገባ ይገጥማል።

ጥገና ቤት

እኔ በሰዓት ጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ። ከላይ የተጻፈውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ክዳን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከአንዱ ሰዓት ተፈትቶ በሌላው ላይ የታሰረ ክዳን በእጄ ብዙ አልፏል። የፊቱን ታችኛ ጠርዝ በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ይዩት፤ ከ6 ቁጥር ሥር በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ እዚያም 7009 መነበብ አለበት። እንደገና በተቀባ ፊት ላይ ይህ ጽሑፍ ወይ የለም ወይ ቀለሙ ፈስሶ ተድበስብሷል። ማሽኑ ላይም 7009 እንደዚሁ ተቀርጿል፤ ለማየት ሲባል ግን የእኛ አካባቢ አቧራ በሚነሣበት ቀን መስኮት ከፍተው ክዳን እንዳይፈቱ። ሦስቱ ከተስማሙ ክርክሩ አለቀ። የወየበው ፊት የሰዓቱ እውነተኛ ፊት ነው፤ ፎርጅድ የሚያደርጉት ያን ሰማያዊውን የገጠሙበት ዕለት ነው።

ሰኞ መቆሙ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ሞልቶ ካደረ 40 ሰዓት ያህል መሄድ አለበት፤ የአንድ ጠዋት እንቅስቃሴ ግን አይሞላውም። ሁለት ቀን ሙሉ አድርገውት ከዋሉ በኋላ ጠረጴዛ ላይ አኑረው ስንት ሰዓት እንደሄደ ይቁጠሩ። በቀን 4 ደቂቃ መቅደሙ ማግኔት ይመስለኛል፤ ጸጉር የምታህለው ሞላ እርስ በርሷ ስትጣበቅ ሰዓቱ ይሮጣል። እውነተኛ ኮምፓስ ላይ ቢያስቀምጡት መርፌዋ ከሰዓቱ ምት ጋር ቶሎ ቶሎ ከተንቀጠቀጠች እርሱ ነው፤ ማግኔት ማውጫ ያለው ሠሪ በደቂቃ ይፈታዋል። ማሽኑን ሳይበትን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ የሚያወጣ ካጋጠመዎት ግን ሰዓትዎን ተቀብለው ይውጡ፤ የደረቀው ዘይት ከየቀዳዳው አይወጣም፤ አዲስ ዘይትም በላዩ ላይ ቢጨመር ጭቃ ነው የሚሆነው።

ጣፎ

እኔ የአጎቴን ኦሪየንት ሰዓት ፊት በአረንጓዴ አስለውጬ ነበር። አሮጌው የት እንደደረሰ ስጠይቅ «ተጥሏል» ተባልኩ፤ ከወር በኋላ እዚያው ሱቅ መስታወት ውስጥ፣ በሌላ ሰዓት ላይ፣ ከ7 ቁጥር አጠገብ ካለችው የማውቃት ጭረት ጋር አየሁት። ፊቱን አይስጡ።

የኮዬው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከ6 ሥር ያለው ጽሑፍ በካሜራ ሲቀርብ 7009 ይላል፤ ፊደሉም ጥርት ያለ ነው። ሁለት ቀን አድርጌው ካኖርኩት በኋላ 37 ሰዓት ሄደ። የጎረቤቴን ልጅ የስካውት ኮምፓስ ተውሼ ብሞክር መርፌዋ እንደ ወባ ታማሚ ተንቀጠቀጠች፤ ማግኔቱ ከወጣለት ወዲህ በቀን ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቀድምም። ሰዓቱን የከፈተው ሠሪ ማሽኑም 7009 መሆኑን አሳይቶኛል፤ የክዳኑ የጎማ ቀለበት ደርቆ ስለተሰባበረ አዲስ አስገብቶልኛል። ቀኑ አሁን ንጋት ላይ ይለወጣል።

የቀረው መስታወቱ ነው። ሠሪው የያዘው ከአሮጌው ይወፍራልና የሰከንድ ቆጣሪውን ይነካል ብሎ አልገጠመልኝም። ልኩ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ እዚሁ ይጻፍልኝ።