ልደት «የመሥዋዕት ፍቅር ስጦታ» የሚባለው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎዋ
አራት ኪሎ አካባቢ ባለው መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ለገና ዕጣ እያወጣን ስጦታ እንለዋወጣለን። የዋጋው ጣሪያ አስቀድሞ ስለሚወሰን ማንም ከሰጠው ብዙ ያነሰ አይቀበልም፤ እንዲያውም ከስጦታ ይልቅ እቁብ ይመስለኛል። በቅርቡ ልጄ «የጌታ ልደት ከሆነ ስጦታውን ለምን እኛ እንቀበላለን?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ኢሳይያስ «ወንድ ልጅም ተሰጥቶናልና» (9፥6) ያለውን አነበብኩላት። ስጦታው እርሱ ራሱ መሆኑ ገባት፤ ጥያቄው ግን ወደ እኔ ዞረ። መሥዋዕቱ የተፈጸመው በቀራንዮ ከሆነ፣ በግርግም ስለተኛ ሕፃን የመሥዋዕት ፍቅር ብሎ መናገር ስቅለትን ያለ ቦታው ማምጣት አይሆንም?

መላሽ፦ የሰንበት ተማሪ
እህቴ፣ መልሱ ከከተማዋ ስም ይጀምራል። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናችን ቅጽር ውስጥ ከመቅደሱ በስተምሥራቅ ያለችው፣ ለቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤትም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው። በልደት ሌሊት ኅብስቱ በቃጭል ታጅቦ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ ሲገባ፣ ከግርግም እስከ መሥዋዕት ያለውን መንገድ አገልጋዮቹ በእግራቸው ይሄዱታል። ሰብአ ሰገልም ከወርቁና ከዕጣኑ ጋር ከርቤ አምጥተዋል፤ ኒቆዲሞስ ለቀብሩ ያመጣው ቅልቅልም ከርቤ ነበረበት።

መላሽ፦ አንባቢ
በዚህ እስማማለሁ፤ ይሁንና ልደትን የቀራንዮ መሰናዶ ብቻ እንዳናደርገው እሰጋለሁ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ (2፥6-8) የመስቀሉን ሞት ከመጥቀሱ በፊት ክርስቶስ የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዶ እንዳደረገ ይናገራል፤ ሰው መሆኑ ራሱ መስጠት ነበር ማለት ነው። ሉቃስ 2፥24ን ከዘሌዋውያን 12፥8 ጋር አስተያይተው ያንብቡት፦ ማርያምና ዮሴፍ ያቀረቡት፣ ጠቦት ለመግዛት አቅም ለሌላት እናት የተፈቀደውን የወፎች መሥዋዕት ነው። ሁሉ የእርሱ የሆነው ጌታ ጠቦት ከማይገዛበት ቤት ተወለደ። (ይህን ክፍል በገና ስብከት እምብዛም አለመስማቴ ይገርመኛል።)

መላሽ፦ የአራዳ ልጅ
ስለ እቁቡ አንድ ነገር ልበል። ጌታ ግብዣ ስታደርጉ ብድር ሊመልሱላችሁ የማይችሉትን ጥሩ ብሏል (ሉቃስ 14፥12-14)። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ስለሚቆይ፣ እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ከጾሙ የተረፈውን የምሳ ገንዘብ አጠራቅመን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ በር ለሚቀመጡት እንሰጣለን። የሰጠነው ከጉርሳችን ቀንሰን ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ይሰማናል።

ጠያቂ፦ የአራት ኪሎዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወፎቹን ነገር ስነግራት ልጄ «ታዲያ ጠቦቱ እሱ ነበራ!» አለችኝ፤ እኔ እንኳ እዚያ አልደረስኩም ነበር። የዕጣውን ገንዘብ ወደ ሌላ እናዙረው ብዬ ለባልደረቦቼ ሐሳብ አቅርቤ ግማሾቹ ተስማምተዋል። በልደት ሌሊት ደግሞ ቃጭሉን ከመነሻው እንድትሰማ ቀደም ብለን ሥላሴ እንሄዳለን።