የትምህርት ጓደኞቼን ትዝታ ለማሰባሰብ ምክራችሁን እሻለሁ

በ1966 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን፣ ዛሬ ግን በአዲስ አበባና በዋሽንግተን አካባቢ ተበታትነን የምንኖር ጓደኞች ትዝታችንን በአንድ መድበል ለማኖር ተስማምተን ሥራው እኔ ዘንድ ቆሟል። ስድስት ኪሎ ግቢ፣ አናቱ ላይ አንበሳ ከተቀመጠበት ጠመዝማዛ ደረጃ ሥር የተነሣነውን ፎቶግራፍ ሳሳያቸው ስለ ካፌው ሰልፍና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምሽት እየሣቁ ያወጉኛል፤ ጨዋታው ደርግ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ወዳዘመተበት ወደ 1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻና ከዚያ ወዲያ ወዳጣናቸው ልጆች ሲደርስ ግን ሁሉም ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም የሟቾቹ ስም ከመድበሉ እንዲቀር ልቤ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ የቃል ታሪክ የሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ጥያቄዬን ከየት ልጀምር፣ ድምፃቸውን ብቀዳ ይሻላል ወይስ በጽሑፍ ብጠይቃቸው፣ የሟቾቹን ቤተሰቦችስ አስቀድሜ ማስፈቀድ ይገባኛል ወይ? ትመክሩኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።