ቀዩ ሰላጣዬ ለምን አረንጓዴ ሆነብኝ?

የማራኪዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ግንቦት ላይ ወንድሜ ከአዲስ አበባ የቀይ ሰላጣ ዘር አመጣልኝ። በተቆረጠ ጀሪካን ዘርቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ መስሎ ነበር። ሐምሌ ሲገባ በረዶውን ፈርቼ ወደ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ አስገባሁት። አሁን አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው፤ ቅላቱ ጠርዛቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። ቁመቱም ዝም ብሎ ተመዘዘ። ጎረቤቴ "በዘሩ ተሸውደሻል" ትላለች። እውነት ነው?

ጓሮ አዘዞ፦ ዘሩን አትውቀሺው፣ እህቴ። ቅላቱን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው። ቅጠሉ ይህን በብዛት የሚያመርተው ብርሃን ሲበረታበት ነው፤ እንደ ጃንጥላ ይከላከልለታል። ጥላ ውስጥ ጃንጥላ የሚዘረጋ ማን አለ? ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ግን ስለማይጠፋ አረንጓዴው ይወጣል። መመዘዙም ብርሃን ፍለጋ ነው። ደግሞ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች በረንዳሽ ላይ አልትራቫዮሌቱ፣ ማለትም ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር፣ ብርቱ ነው። እሱም ቀለሙን ያነሳሳል። መስታወቱ ግን ብዙውን ያስቀረዋል።

የማራኪዋ፦ ታዲያ የደበዘዙት ይመለሳሉ?

ጓሮ አዘዞ፦ ከነሱ ይልቅ አዲስ የሚወጡትን ጠብቂ። ብቻ ድንገት ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፣ ይቃጠልብሻል። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያህል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ እየጨመርሽ።

የአራዳው፦ ዩሪያም አብዝተሽበት እንዳይሆን። በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ቅላቱ ይቀንሳል፤ እኔን ጉድ ሠርቶኛል።

የማራኪዋ፦ ኧረ ማን ነገረብኝ! ሁለት ጊዜ በትኛለሁ።