ሙሉ ቀን ሥራ እየዋልኩ ቡችላ ማሳደግ ይቻላል? (ደብረ ማርቆስ)

የማርቆሷ ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 2፡30 እገባለሁ፣ 6፡30 ለምሳ እወጣለሁ፣ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ደግሞ እመለሳለሁ። ቢሮው ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የምኖረው ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ሲሆን ትንሽ በረንዳ አለው። አከራዬ እትዬ ፈቅደዋል፤ ግቢው ውስጥ ግን ዶሮዎችና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው አሉ። ደጀን ያሉ ዘመዶቼ አምስት ሳምንት የሆነው ወንድ ቡችላ አላቸው፤ «አሁኑኑ ነይና ውሰጂ» ይሉኛል።

የምጠይቀው፦ አሁን ልውሰደው ወይስ ልቆይ? ጠዋት እኔ ስሄድ የት ይዋል? ክረምቱ እየገባ ነው፣ ከዚያ ፍልሰታ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ ሥጋ በሌለበት ጊዜ ምን ይብላ? ደግሞ ሰው ሁሉ «ጎበዝ ጠባቂ እንዲሆን ከአሁኑ እሰሪው» ይለኛል፤ እውነት ነው?

ዳሞት

እህቴ፣ የምሳ ሰዓት ቤት መግባት መቻልሽ ትልቅ ነገር ነው። ስምንት ሰዓት ሳይቆራረጥ ብቻውን የሚውል የሁለት ወር ቡችላ ይበላሻል፤ በመሐል የሚታይ ግን ያድጋል። የምሳ ሰዓትሽ ለስብሰባና ለመስክ ሥራ የሚሠዋ ከሆነ ግን አራት ወር የሞላውን ፈልጊ።

አሁን አትውሰጂው። ስምንት ሳምንት እስኪሞላው እናቱ ዘንድ ይቆይ። በእኛ አገር እህል ከቀመሰ ይበቃዋል ተብሎ በወሩ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቡችላ የአፉን ጉልበት መመጠን የሚማረው በእነዚህ ሳምንታት ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ነው። አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮህና ጨዋታው ይቋረጣል፣ እናቱም ትቆጣዋለች። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ የሚለማመደው በሰው እጅ ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ልጅ አለች።

የሚመጣበትን ቀን ዓርብ ማታ አድርጊው፤ ከዚያ ከዓመት ፈቃድሽ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሰጂ፣ ሁለት ብትችዪ ይሻላል።

ስለ ሽንት። ቀን ላይ መያዝ የሚችለው በግምት ዕድሜው በወር ሲቆጠር አንድ ሰዓት ተጨምሮበት ነው፤ የሁለት ወሩ ሦስት ሰዓት፣ የሦስት ወሩ አራት፣ የአራት ወሩ አምስት። ይህ ግን ከፍተኛው ነው፤ ነቅቶ የሚጫወት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። አንቺ ከቤት ወጥተሽ እስክትመለሺ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ አራት ወር እስኪጠጋ ድረስ አንቺ በሌለሽበት መሽናቱ አይቀርም፣ ቦታውም ለዚያ መዘጋጀት አለበት። ጠባብ ሣጥን ውስጥ አትዝጊበት። ውሻ በተፈጥሮው መኝታውን አያቆሽሽም፤ ሌላ ቦታ አጥቶ መኝታው ላይ እየሸና ከዋለ ይህ ጠባይ ይጠፋል፣ ከጠፋ በኋላ ደግሞ መመለሱ በጣም ይከብዳል።

ከበረንዳው ወይም ከክፍሉ አንድ ጥግ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሆን ቦታ በጣውላ እጠሪ፤ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የዶሮ ሽቦ ከተጠቀምሽ ጫፎቹን ወደ ውጭ አጥፊ፤ ዓይን ይወጋል። በአንዱ ዳር መኝታ፣ በተቃራኒው ዳር ሽንት ቤት፣ ውሃው ከመኝታው አጠገብ በማይገለበጥ ከባድ ዕቃ። ለሽንት ቤቱ ጠርዙ ዝቅ ያለ ሰፊ ትሪ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ወይም ከነአፈሩ የተቆረጠ ሣር አድርጊ። ጋዜጣና ካርቶን የሚያነጥፉ አሉ፤ ወረቀት ላይ የለመደ ቡችላ ግን በኋላ መሬት ላይ ተዘርግቶ ያገኘውን ሁሉ ሽንት ቤት ያደርገዋል። አፈር የለመደ ግን ግቢ ሲወጣም አፈሩን ይፈልጋል። መጀመሪያ የሸናበትን ጨርቅ ትሪው ላይ ጣይለት፤ ሽታው ይመራዋል።

የቀኑ አካሄድ፦ 12 ሰዓት ላይ እንደነቃ ምንም ሳትጫወቺ ተሸክመሽ አውጪው። 12፡15 ምግብ። ከበላ ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ስለሚጸዳ እንደገና አውጪው። ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል አጫውቺው፤ ሳይደክም የቀረ ቡችላ ነው የሚያለቅሰው። 2 ሰዓት ላይ አንዴ ደግመሽ አውጥተሽ ወደ አጥሩ። ምሳ ላይ ከጫማሽ በፊት እሱን፦ ማውጣት፣ ማብላት፣ ማውጣት። ማታ 11፡45 እና 3 ሰዓት ላይ ይብላ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት የመጨረሻው መውጫ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ማንቂያ ሙዪ፤ ዝም ብለሽ አውጥተሽ ዝም ብለሽ መልሺው። ውጭ ሲሸና ሽንቱን እንደጨረሰ እዚያው አሞግሺው። ቤት ገብተሽ ብታሞግሺው የተሞገሰው ስለ መግባቱ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ሸንቶ ከቆየ በኋላ አፍንጫውን እዚያ ማሸት ምንም አያስተምረውም፤ የሚማረው ሰው ሲያይ መደበቅን ብቻ ነው።

በፈቃድሽ ሳምንት ዋናው ሥራ ብቻውን መሆንን ማለማመድ ነው። ብዙ ሰው ሳምንቱን ሙሉ አቅፎት ይከርምና ሰኞ ጠዋት ጥሎት ይሄዳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ አጥሩ ውስጥ አድርገሽው ለአንድ ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ፤ ከዚያ ሦስት፣ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ደቂቃ፣ እስከ ሁለት ሰዓት። ማልቀስ ሳይጀምር ተመለሺ። ቀድሞ ከጮኸ፣ ዝም ያለባትን አፍታ ጠብቀሽ ግቢ፤ እየጮኸ ከገባሽለት መጮህ በር እንደሚከፍት ተማረ ማለት ነው። ስትወጪም ስትገቢም አትሰናበቺው።

የእንስሳት ጤና (ፍኖተ ሰላም)

ዳሞት የጻፉት ላይ ጤናውን ልጨምር፤ ክረምት ላይ ቡችላ ማምጣት የራሱ ጣጣ አለውና።

ቡችላ ፈጅቶ የሚጨርሰው ፓርቮ የሚባል የአንጀት በሽታ ነው። ቫይረሱ የታመመ ውሻ በተጸዳዳበት አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ እርጥብና ጥላ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ባለፈው ዓመት ቡችላ ሞቶ እንደሆነ እትዬን ጠይቂያቸው። ሞቶ ከነበረ፣ ክትባቱ እስኪያልቅ እዚያ አፈር ላይ አታውርጂው፤ ለትሪሽም ከዚያ አፈር አትውሰጂ። ሲሚንቶውን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አርጥበሽ አቆዪው። መጀመሪያ ግን በሳሙና ይታጠብ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ኃይሉን ያጣል።

የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ በሽታ) ጥምር ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይጀመርና በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ እየተደገመ አሥራ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ያበቃል። አንዴ ተከትቦ ጥበቃው አልቋል የሚሉ ይሳሳታሉ። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ነው የሚደጋገመው። ወደ ክሊኒክ ከመሄድሽ በፊት ክትባቱ መኖሩንና ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየቱን ደውለሽ ጠይቂ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ፣ ከዚያ በዓመቱ ይደገማል። ይህ የማይታለፍ ነው።

የትል መድኃኒት፦ ከሁለት ሳምንቱ ጀምሮ እስከ ሁለት ወሩ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ በየወሩ። ፌንቤንዳዞል ከሆነ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ ሦስት ቀን በተከታታይ። ሳትመዝኚ አትስጪ፤ መጀመሪያ ራስሽን ብቻሽን ተመዘኚ፣ ከዚያ እሱን አቅፈሽ፣ ልዩነቱ የእሱ ነው። ኩሱን ደግሞ በየቀኑ አንሺ። የክብ ትሉ እንቁላል ከወጣ በኋላ ሰው ላይ የሚጋባ እስኪሆን ሳምንታት ይፈልጋል፤ በየቀኑ የተነሣ ኩስ ለልጅቷ አያሰጋም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን ቡችላ ላይ የሚያፈሱ ብዙ ናቸው። ይገድለዋል። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌም በግምት አይወጋም። ቁንጫው ከመኝታው ነው የሚመጣው፦ ጆንያ ውስጥ ጭድ ሞልተሽ ካነጠፍሽ ጭዱን በየሳምንቱ ቀይሪና አቃጥዪው፣ ጆንያውን በፈላ ውሃ። መኝታው ከወለሉ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የማርቆስ ክረምት ወለሉን እንደሚያቀዘቅዘው ታውቂያለሽ። ሌሊት ሞቅ ያለ ውሃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ አጠገቡ አድርጊለት።

ካስመለሰው፣ ደም ያለበትና የሚከረፋ ተቅማጥ ከመጣ፣ ወይም ተኝቶ ምግብ ካልጠየቀ፣ ነገን አትጠብቂ። የዚህ ዕድሜ ቡችላ ፈሳሽ አልቆበት በአንድ ቀን ይሞታል።

የማርቆሷ ተከራይ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘመዶቼን ሦስት ሳምንት እንዲያቆዩልኝ እጠይቃለሁ። ልጅቷ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ልታየው ትችላለች፤ ምን ብዬ ልዘዛት? ቤት ውስጥ የሸናበትንስ በምን ላጥራው? በረኪናውን ሞከርኩ ብዬ እንዳላበላሽ።

ጓዳዬ

ለሽንቱ በረኪና አይሁን። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ሲነካው የሚታፈን ጭስ ያወጣል። መጀመሪያ በጨርቅ አስመጥጠሽ አድርቂው፤ ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጠሽ እሺው፤ ሽታው ከቀረ ተመልሶ እዚያው ይሸናል። አቼቶንና በረኪናን በአንድ ቦታ በጭራሽ አታገናኚ።

ምግቡን ልንገርሽ። እስከ ሦስት ወሩ በቀን አራቴ፣ እስከ ስድስት ወሩ ሦስቴ፣ ከዚያ ሁለቴ። ቤት የተቀቀለ እርጥብ ምግብ ከሆነ በሁለት በሦስት ወሩ በቀን ከክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ ይበቃዋል፤ ሦስት ኪሎ ከሆነ 300 ግራም፣ ለአራት ተከፍሎ። ጎኑን ስትዳስሺ የጎድን አጥንቱ ለእጅ እየተሰማ ለዓይን ካልታየ ልኩ ነው።

ሁለት እጅ ሥጋ፣ አንድ እጅ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ ትንሽ የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት አይገባበትም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ስለዚህ የወጥ ፍርፋሪ፣ ሽሮም ቢሆን፣ ምግቡ አይደለም። ሥጋና እህል ብቻ የበላ ቡችላ ካልሲየም ያጥረውና እግሩ ይጎብጣል። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ ዱቄት እስኪሆን ፈጭተሽ ለግማሽ ኪሎ ምግብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሪ። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። አተላም አታቅምሺው፤ አልኮሉ አልወጣለትም።

ፍልሰታ አያስጨንቅሽ። ጾሙ የአንቺ ነው፤ ለእሱ እንቁላል ቀቅዪለት፣ ለሦስት ኪሎ ቡችላ በቀን አንድ ሁለት። ከባሕር ዳር የሚመጣ ዓሣ ካገኘሽም እሾሁን ለቅመሽ የተቀቀለ አምባዛ ጥሩ ነው። ወይም ከጾሙ በፊት ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ቋንጣ አድርቂለትና ቀቅለሽ ስጪው። ምስር ለመሙያ ይሆናል፤ ብቻውን ግን አያሳድገውም።

ጾሙ ሲፈታና ለእንቁጣጣሽ በግ ሲታረድ ደግሞ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን አትወርውሪለት። ውሃ የቋጠረ እባጭ ያለበት ክፍል ውስጥ የትል እጭ አለ፤ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ሰው ላይ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ቅበሪው፤ ደህናውንም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅዪ። የበሰለ አጥንት በተለይ የዶሮ አይሰጥም፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ጮቄ ሥር

ስለ ማሰር ማንም አልመለሰልሽምና እኔ ልበል። ልጄ፣ «ከአሁኑ እሰሪው» የሚሉሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ታስሮ ያደገ ውሻ ሲጮህ ጎበዝ ይመስላል። የሚጮኸው ግን ስለሚፈራ ነው። የታሰረ መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ የቀረበውን ሁሉ ይነክሳል፤ ሰንሰለቱ በተበጠሰ ዕለት ደግሞ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ልጅቷን ነው። ሰው በሌለበት የታሰረ ቡችላ ገመዱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ይታነቃልም። ጆሮውን መቁረጥም ቁስልና ዝንብ እንጂ ቁጣ አያመጣለትም።

ጠባቂ ውሻ የቤቱን ሰው ከእንግዳ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ሰው አይቶ ካደገ ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያየውንና ያልፈራውን ነገር በኋላም በአብዛኛው አይፈራውም። ክትባቱ ስላላለቀ ከግቢ ውጭ መሬት አታውርጂው እንጂ አቅፈሽ አውጪው፦ ባጃጅ፣ የጭነት አህያ፣ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ፣ የተዘረጋ ጥላ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሕዝብ፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከፈራ አትግፊው፤ ራቅ ብለሽ ቁሚና ጥቂት ሥጋ አጉርሺው። የሌሊት መጮኹ ከስድስት ወሩ በኋላ ማንም ሳያስተምረው ይመጣል።

ልጅቷን ሦስት ነገር ብቻ እዘዣት፦ አጥሩን ከፍታ ወደ አፈሩ ታምጣው፣ ሲሸና በቃሏ ታሞግሰው፣ ውሃውን ቀይራ ትመልሰው። ምግብ እየበላና ተኝቶ ሳለ አትንካው። ከነከሳት፣ ጨዋታው ትንሽ ቢመስልም፣ ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብና ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ተከትቧል ተብሎ አይታለፍም።

ዳሞት

ዶሮዎቹን ረስተን ነበር። አንድ ዓመት እስኪሞላው ከዶሮ ጋር ብቻውን አይተው። አንዴ አሯሩጦ ላባ ከቀመሰ ያ ጨዋታ ከምንም ይጥመዋል፣ ማስተውም ይከብዳል። ከመጣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ ዶሮዎቹ ሲጭሩ በለስላሳ ገመድ ይዘሽው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። አይቷቸው ፊቱን ወደ አንቺ በመለሰ ቁጥር አጉርሺው፤ በየቀኑ አንድ ሜትር ያህል ቅረቢ። ገመዱን እየጎተተ ካፈጠጠባቸው ቀርበሻልና ወደኋላ ተመለሺ። ለእትዬም ጫጩት ያላት ዶሮ ካለች ወደ እሱ አጥር እንዳትጠጋ ንገሪያቸው፤ ዓይኑን ትወጋለች።